ቤቴን ከሀራጅ ላስጣለልኝ ጠበቃ

አቦ ድሬዎች እንዴት ናችሁ። ይህን ልፅፍ ልፅፍ እያልኩ ስተወው ሁለት ወር ሆነኝ፣ ነገሩ የቤት ገመና ነው፣ ባሌም ማንበቡ አይቀርም። ግን ትናንት ቀፊራ ገበያ አንዷ ጎረቤቴ የኔኑ ታሪክ ቁጭ አድርጋ እያለቀሰች ስትነግረኝ አላስቻለኝም።

ባሌ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ልብስ ይነግድ ነበር። ስራው ከቀዘቀዘ ቆይቷል፣ ጭራሽ የገደለን ግን ጓደኛው በዱቤ እቃ ሲያወጣ ዋስ ሆኖ መፈረሙ ነው። ጓደኛው ጠፋ፣ አበዳሪው ከሶ ተፈረደለት፣ ሱቅ ውስጥ የቀረው እቃ ተሽጦም እዳውን አልሞላም። ከዛ አንድ ቀን ሳቢያን ያለው ቤቴ ታግዷል የሚል ወረቀት መጣልኝ። ቤቱ እኮ የአባቴ ነው! ባሌ አንድ ብሎኬት አላስቀመጠበትም።

መጀመሪያ ያማከርኩት ሰውዬ በእህትሽ ስም አዙሪው፣ ካልሆነ ለወረቀት ያህል ተፋቱ አለኝ፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ልቤ ሸፍቶ ነበር። ይሄኛው ጠበቃ ጋ ሄጄ ይህንኑ ስነግረው «ቤቱ የእርስዎ ከሆነ ለምን እንደ ሌባ ያሸሹታል?» አለኝ። የጎጃም ሰው ነው፣ ድሬ ስንት አመት ኖሮም አሁንም እርስዎ ነው የሚለው፣ እኔ አንተ እሱ እርስዎ ስንባባል ፀሀፊዋ ትስቃለች።

ወረቀቶቼን በፌስታል ነበር የያዝኩት። ሲያወጣቸው እንዳይበተኑ ቬንትሌተሩን አጠፋው፣ በዛ ሙቀት! ከዛ ጠረጴዛው ላይ በአመተ ምህረት ደረደራቸው፣ ጋብቻችን 2001፣ አባቴ ያረፈው 2005፣ ካርታው በስሜ የወጣው 2008። ጣቱን 2005 እና 2008 መሀል አስቀምጦ «እዚህ ጋ አንድ ወረቀት ይጎድላል» አለ። የወራሽነት ውሳኔው ነው፣ ከጠፋብኝ ስንት ጊዜው። አበዳሪው የያዘው ክርክር ደግሞ እሱኑ ነበር፣ ካርታው ከጋብቻ በኋላ ስለወጣ የጋራ ነው ይላል። የቤተሰብ ህጉ (አዋጅ 213/1992) አንቀፅ 63 ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይነሳል፣ አንቀፅ 57 ግን በውርስ ወይ በስጦታ የመጣ ከጋብቻ በኋላም ቢሆን የግል ነው ይላል። እሱን የሚያስረዳልኝ ያ የጠፋው ወረቀት ነው። የመዝገብ ቁጥሩን ስለማላውቅ በአባቴ ስም ብቻ እያስፈለገ መዝገብ ቤት ሶስቴ ተመላልሶ ግልባጩን አወጣው፣ ከዛ በፍትሀብሄር ስነስርአት ህግ ቁጥር 418 የቤቱ እግድ ይነሳ ብሎ ተቃውሞ አስገባልኝ።

አበዳሪው እዳው ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ነው ሊልም ሞክሯል፣ እንደዛ ከተባለ በአንቀፅ 70 የሚስትም የግል ንብረት ይነካል። ግን ለጓደኛ የተፈረመ ዋስትና እኛ ቤት ምን አስገባ? ዳቦ እንኳን አልገዛንበትም። እንደውም ያለ ሚስት ፈቃድ የተፈረመ ዋስትና ራሱ በፍርድ ቤት ይፈርስ ነበር አለኝ፣ ሚስት ካወቀችበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ውስጥ ከጠየቀች። እኔ አውቄ 8 ወር ዝም ብያለሁ፣ ባሌን ላለማሳፈር ብዬ።

የወደድኩለት ደግሞ የማይተርፈውንም ከመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል። የሰርቪሷ ኪራይ፣ ቤቱ የኔ ቢሆንም ኪራዩ የጋራ ገቢ ነው፣ የባሌ የግሉ ምንም ስላልቀረ ወደ እዳው ሄደ። ባጃጇም ሄደች። ስዳር የመጣ ወርቄን ሸጬ ነው የገዛኋት ብዬ ብጮህም ህጉ በግል ገንዘብ የተገዛ የግል ነው የሚለው ፍርድ ቤት ካፀደቀው ነው፣ እኔ መቼ አስፀደቅኩና። ሲጎትቷት ቆሜ አየሁ። የቤቱ እግድ ግን ተነሳልኝ፣ ውሳኔው የተነበበ ቀን ጠበቃው መነፅሩን እየወለወለ «እንግዲህ ወረቀቱን ዳግም እንዳይጥሉት» ብቻ አለኝ።

ክፍያውን ግማሹን መጀመሪያ ግማሹን ካለቀ በኋላ ነው የተቀበለኝ። ቢሮው ከዚራ ነው፣ ስልኩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ። ጠዋት ችሎት ስለሚሆን አያነሳም፣ ከ10 ሰአት በኋላ ሞክሩት፣ ስትሄዱም የጋብቻ ወረቀት፣ ካርታና የውርስ ወይ የስጦታ ማስረጃ ካላችሁ ኮፒ ሳይሆን ኦርጅናሉን ያዙ፣ ኮፒ ስታሳዩት ፊቱ ይጠቁራል።