ሃይ ፍሎው ካታሊስት በአሮጌ ኮሮላ ላይ፦ ከዐሥር ወርና ከ8,400 ኪሎ ሜትር በኋላ

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ባለ 1.8 ሊትር ቶዮታ ኮሮላዬ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ካታሊቲክ ኮንቨርተር (በአጭሩ ካታሊስት፣ መርዛማውን የሞተር ጭስ የሚያጸዳው ዕቃ) ተቆርጦ ወጣና በምትኩ «ሃይ ፍሎው» የሚባለው፣ ጭስን በቀላሉ ያሳልፋል የተባለለት ዓይነት ተገጠመላት። ይህን የምጽፈው በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ መኪናዋ እስካሁን 8,400 ኪሎ ሜትር ተነድታለች። ከዚህ የሚበዛው ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በፒያሳ በኩል ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ እስካለው መሥሪያ ቤቴ የሚያደርሰው፣ ሄድ ቆም የማይጠፋበት አጭር መንገድ ነው። ዕቃውን ለመግዛት የሚያስቡ ወዳጆቼ «ጉልበት ይጨምራል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ መልሱን ከወዲሁ ላስቀምጠው። መኪናዬ ጉልበት አግኝታለች፤ ያገኘችው ግን አሮጌው ካታሊስት ታፍኖ ስለነበረ ነው፤ ጤነኛ የሆነ ተራ ካታሊስት ቢገጠምላትም ያንኑ ታገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የታወቀኝ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚያወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ነው። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ እያቃሰተች ትጎተት ጀመር፤ ነዳጅ ብረግጥም ሞተሩ በደቂቃ ከ3,000 ዙር አላልፍ ይላል። የነዳጅ ፊልተር ተቀየረ፣ ፓምፑ ተፈተሸ፣ የአየር ማጣሪያው ተለወጠ፤ ምንም የተሻለ ነገር አልታየም። በመጨረሻ ለዓመታት የማውቀው መካኒክ የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን) ፈታና በቀዳዳው የግፊት መለኪያ አስሮ ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ እንዳቆይለት ነገረኝ። በዚህ ዙር የጭሱ ግፊት ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) በታች መሆን ይገባው ነበር። መርፌው ቀስ እያለ 7 ላይ ወጥቶ ቆመ። መካኒኩ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ መኪናዎ እኮ መተንፈሻ አጥታለች፤ እርስዎ ነዳጅ ይሰጧታል፣ እሷ የምታወጣበት የላትም» አለኝ። ከዚያ በፊት ለአላስፈላጊ ዕቃ ያወጣሁትን ገንዘብ ሳስብ ይህ መለኪያ መጀመሪያ አለመታሰሩ ዛሬም ይቆጨኛል።

ተቆርጦ የወጣውን ካታሊስት በባትሪ አብርተን አየነው። የማር እንጀራ የሚመስለው ሴራሚክ ፊቱ ቀልጦ እንደ ረጋ ሰም ቀዳዳዎቹን ደፍኗል፤ ከጎኑ የተሰበረው ቁራጭ ደግሞ ቆርቆሮውን ባነቃነቅነው ቁጥር ይንኳኳል። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ለሦስተኛው ሲሊንደር የማቀጣጠያ ብልጭታ የሚሰጠው ኮይል ለወራት አንዴ እየተኮሰ አንዴ እየሳተ ሲሠራ «ትንሽ ትንቀጠቀጣለች» ብዬ ችላ ብዬው ነበር። በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይቃጠል ያለፈው ቤንዚን ሄዶ የሚቃጠለው ካታሊስቱ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚፈጠረው ሙቀትም ሴራሚኩ ሊችለው ከሚገባው በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ «ዋን ዚዚ» የሚባለው የዚህች መኪና ሞተር ዘይት የመብላት ዐመል አለበት፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከጭሱ ጋር ወጥቶ የካታሊስቱን ማዕድናት እየሸፈነ ሥራቸውን ያስተዋቸዋል። ስለዚህ አዲሱ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ኮይሉን፣ አራቱንም ካንዴላዎች፣ ሁለቱንም የኦክስጅን ሴንሰሮች አስለወጥኩ። ይህን ሳያደርግ አዲስ ካታሊስት የሚያስገጥም ሰው ገንዘቡን ደግሞ ለማቃጠል ቀጠሮ እንደያዘ ይቁጠረው።

በከተማችን በብዛት የሚቀርበው መፍትሔ ውስጡን አውጥቶ ባዶውን ቆርቆሮ መልሶ መበየድ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ ግፊቱም በእርግጥ ይጠፋል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይዱና ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ሳይቀነስ ከኋላችን ለቆሙት ታክሲ ጠባቂዎች ይደርሳል። ደግሞም የወጣው ሴራሚክ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ስለሆነ ዋጋ አለው፤ «እንጣልልዎት?» የሚለውን ደግነት በጥርጣሬ ማየት አይከፋም። ሁለተኛው አማራጭ መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ከሌላ መኪና የወለቀ ኦሪጅናል መግዛት ነበር። ሁለት አይቻለሁ፤ ከውጭ ሲታዩ ሙሉ ናቸው፣ ውስጣቸው ያሉት ማዕድናት በዘይት ስለመሸፈናቸው ግን በዓይን አይቶ የሚያውቅ የለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የያዝኳትን መኪና አክርሜ መንዳት ስላለብኝ አዲስ ዕቃ መረጥኩ፤ የእህቴ ልጅ ከዱባይ ሲመለስ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ።

ስለ ዕቃው ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፣ ሻጮች የሚያልፉት እዚህ ላይ ስለሆነ። የካታሊስት ቀዳዳዎች የሚቆጠሩት በአንድ ካሬ ኢንች ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ 400 ወይም 600፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀዳዳ አለው፤ የእኔ 200 ነው፣ የተሠራውም ከሴራሚክ ሳይሆን ከተጠቀለለ ስስ የብረት ቅጠል ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ጭሱ በቀላሉ ያልፋል፤ ጭሱ የሚነካው የተቀባ ገጽ ግን በዚያው ልክ ያንሳል፣ ማጽዳቱም አብሮ ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር።

ገጠማው ግማሽ ቀን ወሰደ። ዕቃው 24,000 ብር፣ ሁለቱ ሴንሰሮች 11,000፣ ብየዳው 5,500 ብር ወጣባቸው፤ በድምሩ 40,500 ብር ማለት ነው። ሁለት ነገር አጥብቄ ጠይቄ ነበር። አንደኛው፣ ካታሊስት ሥራውን የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ስለሆነ በተቻለ መጠን ጭሱ ከሞተሩ ወደሚወጣበት ማኒፎልድ እንዲጠጋ ነው፤ ለብየዳ ይመቻል ተብሎ ወለሉ መሃል ቢቀመጥ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ እስክደርስ በወጉ አይሞቅም። ሁለተኛው ብየዳው በአርጎን እንዲሆን ነው። ሁለቱም ተፈጸሙ፤ ያልጠየቅሁት ሦስተኛው ነገር ግን ኋላ ዋጋ አስከፈለኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር። መለኪያው እንደገና ሲታሰር በ2,500 ዙር 1 ፒኤስአይ እንኳ በቅጡ አላሳየም። እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መንገዱ ባዶ ሳለ ያንኑ የቸርችልን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጀምሬ ወጣሁት፤ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ስደርስ 55 ላይ ነበርኩ። ይሁን እንጂ ይህች መኪና ሳትታፈን በፊትም ዳገቱን እንዲሁ ነበር የምትወጣው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ የጎደለውን አየር ከጭስ መውጫ በኩል የሚመልስ ዕቃ ደግሞ የለም። ሃይ ፍሎው ትርፉ የሚታየው ሞተር 5,000 እና 6,000 ዙር ሲመታ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከ2,500 ዙር በታች የምውል ሰው ነኝ፤ በጠዋቱ የፒያሳ መጨናነቅማ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚሠራበት ዙር) ብዙም አልወጣም።

በሦስተኛው ወር፣ ጠዋት ሲነሣ ከኮፈኑ ሥር «ጭክ ጭክ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ነዳጅ የምጽፍበት ደብተር ደግሞ በሊትር 9.3 ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 8.1 መውረዱን አሳየኝ። ወደ ገጠመው ጋራዥ ብመለስ «የቫልቭ ድምፅ ነው» ብለው ሸኙኝ። የራሴ መካኒክ ግን ነገሩን በሳሙና ፈታው። ረዳቱ የማርሚታውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ይዞ ሲያፍን፣ እሱ ከሥር ተኝቶ የሳሙና ውኃ ብየዳው ላይ ረጨ፤ በቧንቧው የላይኛ ጎን፣ ቆሞ በሚያይ ሰው ዓይን በማይደረስበት በኩል፣ ጤፍ የሚያክሉ አረፋዎች ተራ በተራ ይፈነዱ ጀመር። ስንጥቁ ከጥፍር ርዝመት አይበልጥም ነበር። ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ስለሆነ ግን በስንጥቁ የሚገባው አየር ሴንሰሩን ያታልለዋል፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም ቤንዚን ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ምክንያቱ ያ ሦስተኛው ነገር ነው፦ ሞተሩ ሲወዛወዝ የሚለጠጠውና የሚታጠፈው፣ ከብረት ክር የተሸረበው ቧንቧ በብየዳው ጊዜ ወጥቶ በደረቅ ቧንቧ ተተክቷል። እሱን ማስመለስ ተጨማሪ 4,000 ብር አስወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ብየዳው አልተሰነጠቀም፤ ፍጆታውም ወደ 9.2 ተመልሷል። ታፍና በነበረችበት ጊዜ 7.4 ስለነበረ በእነዚህ ወራት 200 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ተርፎልኛል፤ ከገንዘቡ ይልቅ የቀረልኝን የማደያ ሰልፍ አስበልጣለሁ።

ብልሽት ሲኖር በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የቼክ ኢንጂን መብራት ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፊትና ኋላ ካሉት ሁለት ሴንሰሮች የፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየወጣ እየወረደ ይዋልላል፤ ካታሊስቱ በደንብ ከሠራ የኋለኛው ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ላይ ረግቶ መቀመጥ አለበት። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያነጻጸረ የኋለኛው የፊተኛውን መምሰል ሲጀምር «ካታሊስቱ በቂ አያጸዳም» የሚለውን ፒ0420 የተባለ ኮድ ይመዘግባል። በከተማ ውስጥ ለሁለት ወር አንድም ጊዜ አልበራም፤ እኔም ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነበር። በመጋቢት ወር በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ሄጄ በተመለስኩ ማግሥት በራ። ኮዱን አጥፍቼ ከተማ ውስጥ ስነዳ ሳምንታት አለፉ፤ ለፋሲካ አዳማ ደርሼ ስመለስ ደግሞ በራ። ኋላ እንደተረዳሁት ኮምፒውተሩ ይህን ፈተና የሚያካሂደው መኪናው ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሳይቆም፣ ፍጥነቱ ሳይዋዥቅ ሲሄድ ነው፤ ያ ዓይነት መንገድ በፒያሳና በሜክሲኮ መካከል የለም። ስለዚህ በከተማ መብራቱ አለመብራቱ ካታሊስቱ ፈተናውን ማለፉን አያሳይም፤ ፈተናው አልተካሄደም ማለት ነው። የኋለኛውን ሴንሰር ከጭሱ ትንሽ የሚያርቅ ማራዘሚያ ቁራጭ በጥቂት መቶ ብር ሊያስገቡልኝ ያሉ ነበሩ። እምቢ አልኩ፤ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣም ያንኑ መብራት ዝም ያሰኝብኛል።

ከዚህ ውጭ ያሉት ትንንሽ ቅሬታዎች ናቸው። በታኅሣሥና በጥር ጠዋቶች ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል፤ አሮጌው ጤነኛ በነበረበት ዘመን እንዲህ አይሸትም ነበር። ከረጅም መጨናነቅ በኋላ ዳገት ላይ ሲረገጥ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ብቅ ይላል፤ ምንጩ በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ድኝ ሲሆን ብዙ አይቆይም፣ መስኮት ከፍቶ የሚሄድ ተሳፋሪ ግን ወደ አሽከርካሪው ማየቱ አይቀርም። ድምፁ ከ2,800 ዙር በላይ ይጎረምሳል፤ ለእኔ አልከፋኝም፣ ባለቤቴ ግን «ሚኒባስ መሰለች» ብላለች። ሙቀት መከላከያ ላሜራው ሳይመለስ ስለቀረ የተሳፋሪው እግር ሥር ይሞቅ ነበር፤ በግንቦት አዲስ ላሜራ አስቆርጬ አስገጠምኩ። ክረምቱን ግን ያለ እንከን አልፏል። የጋለ ካታሊስት ኩሬ ሲገባ ሴራሚክ ቢሆን መሰንጠቅ ያሠጋው ነበር፤ ብረቱ ሐምሌንና ነሐሴን በውኃ ሲታጠብ ከርሞ ሲነኳኳ አልሰማሁም።

ዛሬ እንደገና የምገዛ ብሆን የብረቱን ዓይነት አልለቅም፤ ቀዳዳውን ግን 200 ሳይሆን 400 አደርገዋለሁ፣ የሚለጠጠውን ቧንቧም ከመጀመሪያው ቀን አስገጥማለሁ። ያለውን አስወጥቼ ባለ 400ውን ለማስገባት ግን መብራቱ ብቻ በቂ ምክንያት አልሆነልኝም። የእህቴ ልጅ ዋጋ እንዲጠይቅልኝ ነግሬዋለሁ፤ ከመካኒኩ ጋር ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ዓመት ሲሞላው ያንኑ የግፊት መለኪያ ልናስርበት ተቀጣጥረናል።