የ65 ድርሃም ቆጣሪና የሃምሳ አራት ዓመት ጉልበቴ

አዲሱ የብስክሌት ፍጥነት ቆጣሪዬ የመጀመሪያው ቀን ያሳየኝ ቁጥር 13 ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ እንኳ በሌለበት፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ እየጋለብኩ 13። ጥርሴን ነክሼ ብገፋ 14 ሆነና ተመልሶ ወረደ። የአህያ ጋሪ የሚቀድመኝ ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው ብዬ አዝኜ ቤቴ ገባሁ። የጉንዳን እግር በምታክል ፊደል የታተመውን መመሪያ በአጉሊ መነጽር ሳነብ ነው ዕቃው የሚቆጥረው በማይል መሆኑን የተረዳሁት። 13 ማይል 21 ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሰው አሃዱን ሳላይ ቁጥሩን አነበብኩ። ተማሪ ቢያደርገው ኖሮ ከአሥር ሁለት እቀንስበት ነበር።

ዕቃውን ያመጣልኝ ዱባይ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ምን ይዤልዎት ልምጣ?" ሲለኝ ሽቶም ጫማም አላሰኘኝም፤ ፍጥነትና ካደንስ የሚቆጥር ባለ ገመድ የብስክሌት ኮምፒውተር አልኩት። 65 ድርሃም ከፈለበት። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም፤ ያንኑ ዕቃ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ስም ሲሸጥ አይቻለሁና ስሙ የሚነግራችሁ ነገር የለም። መልኩ እንዲህ ነው፦ ቁመቱና ስፋቱ ክብሪት ያህላል፣ ከሥሩ አንድ ሰፊ ቁልፍ አለው፣ ፍጥነቱ ከላይ በትልቁ ይታያል፣ ከታች ደግሞ ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ካደንስ፣ ርቀት፣ አማካይ ፍጥነት፣ ሰዓት እየተቀያየሩ ይመጣሉ። ካደንስ የሚሉት ፔዳሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ሞልቼዋለሁ፤ የአሥራ ሁለት ሰዓቱን አቆጣጠር መርጦ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው።

አሠራሩ ያስደስታል፤ የማታለያ ቦታ የለውም። ሁለት ማግኔቶች አሉት፤ አንዱ ከኋላው ጎማ ሽቦ ላይ፣ ሌላው ከግራው ፔዳል ክንድ በስተ ውስጥ ይታሰራል። ሁለቱን የሚጠብቁ ሁለት ዘቦች ደግሞ ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ በሚሄደው የግራ ቧንቧ ላይ ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ዘብ ውስጥ የገብስ ቅንጣት የምታህል የመስታወት ቱቦ አለች፤ በቱቦዋ ውስጥ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች ለመነካካት ጥቂት ቀርቷቸው ተኝተዋል። ማግኔቱ ሲያልፍ ይነካካሉ፣ ሲርቅ ይለያያሉ። ጸጥ ባለ ክፍል ጆሮን አስጠግቶ ማግኔቱን ቢያሳልፉት "ጠቅ" ሲል ይሰማል። ኮምፒውተር የሚለው ስም ትንሽ ያኮራዋል እንጂ፣ ሥራው በሁለት "ጠቅ" መካከል ያለውን ጊዜ መለካት ነው። በማግኔቱና በዘቡ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ማግኔቱ ሳይቆጠር ያልፋል፤ እኔ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ደርቤ በመሐል በማስገባት ክፍተቱን ለክቼ አስተካክያለሁ።

ቆጣሪው ጎማችሁን አያውቀውም፤ ዙሪያው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ እናንተ ልትነግሩት ይገባል። የእኔ ጎማ መጠኑ 700 በ28 ነው፤ የመመሪያው ሠንጠረዥ ለዚህ 2136 ይላል። ሠንጠረዡ ግን 82 ኪሎ የሚመዝን መምህር ላዩ ላይ እንደሚቀመጥበት አያውቅም። ስለዚህ በግቢዬ ሲሚንቶ ላይ ጎማውን በኖራ ምልክት አድርጌ፣ ተቀምጬበት፣ ልጄ ኮርቻውን ይዞ እየደገፈኝ ሦስት ዙር ሄድኩ። ከምልክት እስከ ምልክት 635 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ወጣ፤ ለሦስት ሲካፈል 2118። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በ40 ኪሎ ሜትር ላይ ግን 340 ሜትር ያህል ያልሄድኩትን ሄድክ ይለኝ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓባይ ድልድይ ላይም ፈተንኩት። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.38 አነበብኩ። ያኔ ደስ አለኝ፤ ኋላ ሳስበው ግን በሠንጠረዡ ቁጥር ብሞላውም ያንኑ 0.38 ያሳየኝ ነበር፤ አሥር ሜትር ለሚቆጥር መሣሪያ ሦስት ሜትር አትታየውም።

ስለ ፍጥነት ይህን ያህል ካወራሁ በኋላ የምለው ያስቃችሁ ይሆናል፦ ይህን ዕቃ ለፍጥነት ብላችሁ አትግዙት። ቢያንስ እኔን የፍጥነቱ ቁጥር ለሁለት ወር አበላሽቶኛል። 20 ካየሁ 22 አማረኝ፣ 22 ካየሁ ከ25 በታች መመለስ አሳፈረኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጣና የሚነሳው ነፋስ አለ፤ ወደ ሐይቁ ፊቴን ሳዞር ቁጥሩ 16 ይሆናል፣ ስመለስ ያለ ምንም ልፋት 26። እኔ ያው እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ የነፋሱ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የቀኝ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ መጮህ ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ቁልፉን ተጭኜ ካደንሱ ላይ ተውኩት። 55። ካቴናው የሚያርፈው ከፊት ባለ 52 ጥርስ፣ ከኋላ ባለ 18 ጥርስ ማርሽ ላይ ነበር፤ ብርቱ ሰው በከባድ ጥርስ ይነዳል ብዬ ከወጣትነቴ ጀምሮ የያዝኩት እምነት ነው። በቴሌቪዥን የማያቸው ጋላቢዎች፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነውን ፅጋቡ ግርማይን ጨምሮ፣ እግራቸው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሲሽከረከር እያየሁ እንኳ ለእኔ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ወረቀት አወጣሁ። 52 ለ18 ሲካፈል፣ በጎማው ዙሪያ ሲባዛ፣ አንድ የፔዳል ዙር 6 ሜትር ከ12 ያስኬዳል፤ በደቂቃ 55 ዙር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከፊት ወደ 42፣ ከኋላ ወደ 21 ብቀይር አንዱ ዙር 4 ሜትር ከ24 ብቻ ነው፤ ግን በደቂቃ 80 ከዞርኩ ፍጥነቱ ያው 20 ነው። በአንድ ዙር ጉልበቴ ላይ የሚያርፈው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ግድም ይቀንሳል። ይህን ክፍልፋይ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ለራሴ እግር አስልቼው አላውቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ያሳፍራል። 80 ስዞር ኮርቻው ላይ እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጥኩ፣ ትንፋሼ ቀድሞኝ ሄደ፣ በመንገድ ዳር የቆሙ ልጆች "አባባ ካቴናው ወልቋል!" ብለው ጮኹብኝ። በሦስተኛው ሳምንት 75 ላይ ረጋሁ፤ አሁን ሳላስበው 80 ነኝ። ድልድዩን በዚህ ጥርስ ለመሻገር 90 ዙር ይወስዳል፤ በአፌ ቆጥሬ አረጋግጬዋለሁ። ጉልበቴ ዝም ብሏል። ምስጋናውን ሁሉ ግን ለቆጣሪው አልሰጥም፤ በዚያው ሰሞን ኮርቻውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ነበርና ማንኛቸው እንዳዳነኝ መለየት አልችልም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው ሙከራ አበላሽቷል፤ ይህንም አስተምር ነበር።

አሁን ወደ እንከኑ። ገመዱ ቀጭን ነው፤ ከመሪው እስከ ኋላ ድረስ በብስክሌቱ ቧንቧ ላይ ተጠምጥሞ ይሄዳል፣ ማሰሪያ ፕላስቲኮቹም በፀሐይ ደርቀው ይሰበራሉ። ጎሚስታ ዘንድ ብስክሌቱን ስንገለብጥ ተበጠሰ። ሞባይል የሚጠግን ወጣት በ50 ብር ከተበጠሰበት ቀጠለልኝ። በማግስቱ ወጣሁ፤ ፍጥነት 10፣ ካደንስ 160! በደቂቃ 160 እየዞርኩ በእግረኛ ሩጫ እሄዳለሁ ማለት ነው። ቆም ብዬ ስስቅ ነገሩ ገባኝ፤ ልጁ ሁለቱን ገመዶች አቀያይሮ አገናኝቷቸዋል፣ ጎማው ካደንስ ሆኗል፣ ፔዳሉ ፍጥነት ሆኗል። በ42 እና በ21 ጥርስ ጎማው ከፔዳሉ እጥፍ ይዞራልና ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ነበሩ፣ ቦታቸው ብቻ ተሳስቷል። መልሶ ሲያስተካክልልኝ ገንዘብ አልተቀበለኝም።

ክረምቱን አይወደውም። የሐምሌ ዝናብ ሁለት ጊዜ ከመታው በኋላ ቆጣሪው ከማስቀመጫው ጋር የሚገናኝባቸው ሦስት የመዳብ ነጥቦች አረንጓዴ ዝገት አወጡና ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቀረ። በልጄ ላጲስ ፈትጌ መለስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሲዘንብ ነቅዬ ኪሴ እከተዋለሁ። ፀሐይም ትከብደዋለች፤ በሚያዝያ ቀትር ቆሞ ከተተወ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል፣ ጥላ ሲያገኝ ግን ይመለሳል። የሌሊት መብራት የለውም። አንዳንድ የፀሐይ መነጽር ደግሞ ቁጥሩን ጨርሶ ይሰውረዋል፤ አንገቴን ዘንበል ሳደርግ ብቻ ይታየኛል።

ያበሳጨኝ ግን ባትሪው ነው። ሳንቲም የምትመስለዋ 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ በቀላሉ ትገኛለች፣ ከዓመት በላይም አገልግላኛለች። ስቀይራት ግን ቆጣሪው ሁሉን ነገር ረሳ፦ የጎማውን ዙሪያ፣ ሰዓቱን፣ 1,846 ኪሎ ሜትሬን። ወደ ማይልም ተመለሰ! መመሪያው ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የለውም። እናንተ ባትሪውን ከማውጣታችሁ በፊት ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የእኔ አሁን በጓዳ በር ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል።

ስልኬ አይበቃኝም ወይ ለምትሉ፦ ስልክ ርቀትና ፍጥነት ከሳተላይት ይነግራችኋል፤ ለብቻው ሌላ መሣሪያ ካልተገጠመለት ግን ፔዳላችሁ ስንት ጊዜ እንደዞረ አያውቅም። ደግሞ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ስልኬን መሪ ላይ ሰቅዬ የምሄድበት ድፍረት የለኝም። ለገበያና ለሥራ ብቻ የምትነዱ፣ ጥርስ የማይቀይር ብስክሌት ያላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ካደንሱን ብታዩም የምትቀይሩት ነገር የላችሁም።

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት እንደሚመጣ ደውሎ ነገረኝ፤ አሁንም ምን ላምጣልዎት ይላል። ገመድ የሌለው፣ በሳተላይት የሚሠራ፣ ካርታ ያለው ሊገዛልኝ ፈልጓል። የጎማ ሽቦ ማግኔት ሁለት ፍሬ ብቻ አልኩት። የእኔው ባለፈው ሳምንት ዘንዘልማ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወድቆ ቀርቷል፤ ካደንሴ 80 ነው፣ ፍጥነቴ ዜሮ።