የብሪታኒያ የቤት ሙቀት ድጎማ፦ ገንዘቡ ቀደመ፣ ቁጥጥሩ ዘገየ

ግሪን ሆምስ ግራንት የተባለው የብሪታኒያ መንግሥት የቫውቸር አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 መጨረሻ ሲጀመር፣ ግድግዳና ጣሪያን ሙቀት እንዳያስወጣ አድርጎ ለማልበስ ከሚወጣው ወጪ ሁለት ሦስተኛውን እስከ 5,000 ፓውንድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የቤት ባለቤቶች ደግሞ ሙሉውን እስከ 10,000 ፓውንድ እንደሚሸፍን ቃል ገብቶ ነበር። 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተመድቦለት 600,000 ቤቶችን ያዳርሳል የተባለው ይህ አገልግሎት በስድስት ወሩ ለአዲስ አመልካች ተዘጋ። የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤቱ ግምት እንደሚያሳየው የደረሰው ለ47,500 ያህል ቤቶች ብቻ ሲሆን፣ ወጪ ከሆነው 314 ሚሊዮን ፓውንድ ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህሉ የአስተዳደር ወጪ ነበር። ማመልከት የሚችለው ባለቤቱ ስለነበር፣ ለንደን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ወገናችን ብርዱ ቢጠናበትም አከራዩን ከመለመን ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ይህ ሁሉ ግን በሥራው ጥራት ላይ ከታየው ጉድለት ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ቆየት ብሎ በኃይል አቅራቢ ኩባንያዎች በኩል፣ ማለትም ደንበኛው ራሱ በመብራትና በጋዝ ሂሳቡ በሚከፍለው ገንዘብ፣ በተካሄዱት መርሐ ግብሮች የውጭ ግድግዳቸው ከለበሰላቸው ቤቶች 98 በመቶው መታረም ያለበት ከባድ ጉድለት እንዳለባቸው የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በኦክቶበር 2025 አስታውቋል። ልባሱ ውሃ ካስገባ ግድግዳው ይረጥባል፣ ይሻግታል፤ ከብርድ ሊያድን የታሰበው ሥራም ነዋሪውን ለመተንፈሻ አካል ሕመም ያጋልጣል። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል በቂ ሙያ የሌላቸው ንዑስ ተቋራጮችና የላላ ቁጥጥር ይገኙበታል።

ቁጥጥሩ ከሥራው ሲቀድም ምን እንደሚመስል ለማየት ሌላ ምሳሌ እንውሰድ፦ በዚያው አገር ሂንክሊ ፖይንት ሲ በተባለው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ የሚተከለው የኑክሌር ሪአክተር ንድፍ ተቀባይነት ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 ድረስ ከተመረመረ በኋላ ነው፤ በመካከሉ በጃፓን የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በመድረሱም ከዚያ የተገኘው ትምህርት በምርመራው ውስጥ እንዲካተት ተደርጓል። ጥብቅነቱ ግንባታውን አስወድዷል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ለአንድ ግድግዳ አምስት ዓመት ይመርመር የሚል ሰውም የለም፤ ሆኖም ደኅንነቱን የማስረዳት ግዴታ ከክፍያ በፊት በሠሪው ላይ መውደቁ ለሪአክተሩም ለግድግዳውም የሚገባ ሥርዓት ነው።

በእኔ ግምት ድጎማው በሐሳብ ደረጃ ጥሩ፣ በአገልግሎት ደረጃ ግን ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጠው ነው። ጉድለቱን ሥራውን የሠሩት ድርጅቶች በራሳቸው ወጪ እንዲያርሙ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ለአዲስ ሥራ የሚፈርም ሰው፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ዋስትናውን ማን እንደሚከፍልና የተጠናቀቀውን ግድግዳ ከሠሪው ውጭ ማን መጥቶ እንደሚያይ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ።