ኤፍፒጂኤ ኮንሶል ከመግዛታችሁ በፊት ስክሪናችሁን እዩት

ታናሽ ወንድሜ ሱፐር ማሪዮ ወርልድ ሲጫወት ገደል በገባ ቁጥር «ጋሼ፣ ቀድሜ ነው የተጫንኩት እኮ!» እያለ ጆይስቲኩን ያሳየኝ ነበር። ልምምድ ያነሰው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስልኬን ስሎው ሞሽን ላይ አድርጌ አውራ ጣቱንና ቴሌቪዥኑን አንድ ላይ ቀረጽኳቸው። በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ጊዜውን በ4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ቆራርጦ ያሳያል። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ስናሳልፍ ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ ጨርሷል፣ ማሪዮ ግን መሬት ላይ ነው። ቀጣዩ ላይም መሬት ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎም እንደዚያው። የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ አብርተን ደግመን ስንቀርጽ የቆጠርናቸው ፍሬሞች ከግማሽ በታች ወረዱ። ልጁ ልክ ነበር። ውድ ዋጋ የከፈልኩበት ኤፍፒጂኤ ኮንሶልም (የድሮ ጌሞችን የሚያጫውት አዲስ ማሽን) ጥፋት አልነበረበትም።

«ሚስተር ልግዛ ወይስ አናሎግ?» ብለው ስለ ሁለቱ የኤፍፒጂኤ ኮንሶል ዓይነቶች ለሚጠይቁኝ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የምመልሰው ሌላ ጥያቄ ጠይቄ ነው፦ የምትጫወቱት በየትኛው ስክሪን ነው? አብዛኛው ሰው ገንዘቡን ማሽኑ ላይ ይጨርስና ሳሎን ያገኘው ቴሌቪዥን ላይ ይሰካዋል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት።

ላጉ (ቁልፍ ከተጫንን እስከ ምስሉ ለውጥ ያለው መዘግየት) ከየት ከየት ይመጣል

ኤፍፒጂኤ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት እንደተፈለገው ሊዋቀር የሚችል ቺፕ ነው። ኢሙሌተር የድሮውን ኮንሶል ሥራ በሶፍትዌር ይኮርጃል። ኤፍፒጂኤ ግን ያንኑ ሥራ በሰርኪዩት ደረጃ መልሶ ስለሚገነባው ፕሮሰሰሩ፣ የምስል ቺፑና የድምፅ ቺፑ እንደ ጥንቱ ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ምስሉ መስመር በመስመር እየተፈጠረ እዚያው በዚያው ሊወጣ ይችላል፤ በኦፐሬቲንግ ሲስተም ወረፋ ውስጥ አያልፍም። ኢሙሌተር ሁሉ ይዘገያል ማለቴ ግን አይደለም። ሬትሮአርክ በሚባለው የኢሙሌተር ፕሮግራም ላይ ያለው ራን አሄድ የሚባል ዘዴ ኃይለኛ ኮምፒውተር ካገኘ ላጉን ከዋናው ኮንሶል በታች እንኳ ሊያወርደው ይችላል። የኤፍፒጂኤ ጥቅሙ ያለ ብዙ ማስተካከያ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ መሥራቱ ነው።

በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ፍሬም) አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። አብዛኞቹ የድሮ ጌሞች ጆይስቲኩን በየፍሬሙ አንዴ ያነቡና ውጤቱን በቀጣዩ ፍሬም ወይም ከዚያ በኋላ ያሳያሉ። ይህ መዘግየት ዋናው ኮንሶል ላይም የነበረ፣ የጌሙ የራሱ ባህርይ ነው። የምንከላከለው ከዚያ በላይ የሚጨመረውን ነው።

የመጀመሪያው መጨመሪያ ጆይስቲኩ ነው። በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚነበብ የዩኤስቢ ጆይስቲክ በአማካይ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይጨምራል። 125 ጊዜ ብቻ የሚነበበው ግን እስከ 8 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ርካሽ ብሉቱዝ ጆይስቲክ ከዚህም ይብሳል፤ ችግሩ መዘግየቱ ብቻ ሳይሆን አንዴ ፈጥኖ አንዴ መዘግየቱም ነው። እጅ ቋሚ መዘግየትን ይለምዳል፤ የሚዋዥቀውን ግን አይለምድም። ሚስተር ላይ ስናክ የሚባል መግጠሚያ አለ። የድሮውን ዋና ጆይስቲክ ያለ ምንም ቅየራ በቀጥታ ከሰርኪዩቱ ጋር ያገናኘዋል።

ሁለተኛው መጨመሪያ ምስሉን ለኤችዲኤምአይ የሚያሳድገው ክፍል፣ ማለትም ስኬለሩ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ራሱ ስክሪኑ ነው። ተራ ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ብሎ ፍሬሞችን ያጠራቅማል፤ ጌም ሞድ ካልበራ ላጉ ከ50 ሚሊ ሰከንድ ማለፉ የተለመደ ነው፣ 100 የሚያልፍም አለ። ጌም ሞዱ ሲበራ ጥሩ ዘመናዊ ኦሌድ ቴሌቪዥን በ60 ኸርዝ 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትኛውንም ኤፍፒጂኤ ከሌላው ኤፍፒጂኤ ከሚለየው እጅግ የሚበልጥ ነው።

ሚስተር ወይስ አናሎግ

ሚስተር በ2017 በአሌክሲ ሜልኒኮቭ የተጀመረ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ነው። የሚሠራው ቴራሲክ በሚያመርተው ዲኢ10 ናኖ ቦርድ ላይ ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ ሚስተር ፓይ የሚባለው ቅጂ ቦርድ በ99 ዶላር መነሻ ዋጋ ስለመጣ መግቢያው ረክሷል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ኔስ፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ሜጋ ድራይቭ፣ ፕሌይስቴሽን 1፣ ኒዮ ጂኦ እና ብዛት ያላቸው የአርኬድ ማሽኖች ይገኛሉ። የካሴት ማስገቢያ የለውም። ቅንብሩም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የጽሑፍ ፋይል ከፍቶ ቁጥር መቀየር የሚሰለቸው ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ለላግ ዋናው ቪሲንክ አጀስት የሚባለው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ 0 ላይ ነው፤ ይህ ማለት ምስሉ በመጠባበቂያ ሜሞሪ አልፎ በቋሚ 60 ኸርዝ ይወጣል፣ ለማንኛውም ቴሌቪዥን የሚስማማ ነው፣ ግን ይዘገያል። 2 ላይ ሲደረግ ስኬለሩ ጥቂት መስመሮችን ብቻ ይዞ ወዲያው ይለቃል፣ የኤችዲኤምአዩ ፍጥነትም የጌሙን ፍጥነት ይከተላል። ሱፐር ኒንቴንዶ የሚሄደው በ60 ሳይሆን በ60.0988 ኸርዝ ነው። አብዛኛው ስክሪን ይህችን ይቀበላል። ሞርታል ኮምባት የአርኬዱ ግን 54.7 ኸርዝ ነው፤ እዚያ ሲደርስ አንዳንድ ቴሌቪዥን ጥቁር ይሆናል፣ አንዳንዱ ብልጭ ድርግም ይላል። ቫሪያብል ሪፍሬሽ ሬት (ፍጥነቱን እንደ ጌሙ የመቀያየር ችሎታ) ያለው ስክሪን ግን ያለ ችግር ያሳየዋል። አርኬድ ለሚወድ ሰው ስክሪን ሲገዛ ቅድሚያ ሰጥቶ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው።

የአናሎግ ኩባንያ ማሽኖች መንገዳቸው ሌላ ነው። የሱፐር ኒንቴንዶ ካሴት የሚያጫውተው ሱፐር ኤንቲ በ2018፣ የሜጋ ድራይቭ ካሴት የሚያጫውተው ሜጋ ኤስጂ በ2019 ወጡ፤ ሁለቱም በ190 ዶላር ገደማ። ዋናውን ካሴት ሰክቶ፣ ገመዱን አገናኝቶ፣ ወዲያው መጫወት ነው። ሱፐር ኤንቲ ላይ ዜሮ ዲሌይ የሚባል ምርጫ አለ፤ ኮንሶሉን በጥቂቱ አዘግይቶ በትክክል 60 ኸርዝ ላይ ያስኬደዋል። ለውጡ 0.16 በመቶ ስለሆነ ጆሮም ዓይንም አይለየውም፣ ምስሉ ግን ሳይጠራቀም ይወጣል። ሙሉ በሙሉ የሚያጠራቅመውን ምርጫ የወሰደ ሰው የዋናውን ኮንሶል ትክክለኛ ፍጥነት ያገኛል፤ በምትኩ በየ10 ሰከንዱ አንድ ፍሬም ይዘለልበታል። እኔ ያለማመንታት ዜሮ ዲሌይን እመርጣለሁ።

በላግ ብቻ ከተመዘኑ ሁለቱ በደንብ ሲቀናበሩ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ካሴቶቹ በእጁ ያሉና ማስተካከል የማይፈልግ ሰው አናሎግ ይውሰድ፤ ብዙ ኮንሶል በአንድ ሳጥን የሚፈልግ ሚስተር። የአናሎግ ማሽኖች ሁልጊዜ ገበያ ላይ ስለማይገኙ ከሁለተኛ እጅ ሻጭ በተጋነነ ዋጋ ከመግዛት ግን ሚስተር ይሻላል።

በእጅ የሚያዘው የአናሎግ ፖኬት ጉዳይ ለብቻው ነው፤ ስክሪኑን ይዞ ስለሚመጣ የምርጫውን ራስ ምታት ያቀላል። 3.5 ኢንች ስክሪኑ 1600 በ1440 ነው። ጌም ቦይ ደግሞ 160 በ144፤ በሁለቱም አቅጣጫ ልክ 10 እጥፍ። አንዲት የጌም ቦይ ነጥብ 100 ትንንሽ ነጥቦች ይደርሷታል፣ ስለዚህ የድሮውን ስክሪን ፍርግርግ ሳይቀር መሳል ይችላል። ቴትሪስን በዚያ ስክሪን ያየ ሰው ወደ ቴሌቪዥን መመለስ ይከብደዋል። ጌም ቦይ አድቫንስ ግን 240 በ160 ስለሆነ እኩል አይካፈልም።

ሲአርቲ

ጀርባው ወፍራም የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ምስል አያጠራቅምም። የመጣለትን መስመር በመጣበት ቅጽበት በኤሌክትሮን ጨረር መስታወቱ ላይ ይጽፈዋል፤ አንዱ መስመር 63.5 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ በርቶ ወዲያው ስለሚደበዝዝ የሚሮጥ ምስል ጥርት ይላል። ፍላት ስክሪን ፍሬሙን ለ16.7 ሚሊ ሰከንድ ሙሉ ይዞት ስለሚቆይ ሶኒክ ሲሮጥ ጀርባው ይደበዝዛል። ይህ ላግ አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው «ይዘገያል» ሲል የሚያማርረው በከፊል ይህንኑ ነው። ዳክ ሃንትን በዋናው ጠመንጃ መጫወት ለሚፈልግ ደግሞ ያለ ሲአርቲ አማራጭ የለውም፤ ጠመንጃው የሚያነበው የዚያን ስክሪን ብርሃን ጊዜ ነው።

ሚስተር ከሲአርቲ ጋር በሁለት መንገድ ይገናኛል። አንደኛው የአናሎግ ሲግናል (ከአናሎግ ኩባንያ ጋር አይገናኝም) መውጫ ያለውን ተጨማሪ ቦርድ መግዛት ነው። ሁለተኛውና ርካሹ ዳይሬክት ቪዲዮ የሚባለውን ቅንብር አብርቶ ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ በሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ማውጣት ነው፤ አዳፕተሩ ሁሉ ስለማይሠራ ተጠቃሚዎች የሞከሩትን ሞዴል መርጦ መግዛት ያስፈልጋል። የሱፐር ኤንቲና የሜጋ ኤስጂ ባለቤቶች የአናሎግ ኩባንያ ለብቻው ያወጣውን መቀየሪያ ይፈልጋሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቪጂኤ ቀዳዳ ያለው የድሮ የኮምፒውተር ሞኒተር ሲአርቲ ስለሆነ ብቻ አይሆንም። እሱ የሚፈልገው 31 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 31 ሺህ ገደማ መስመር) ነው፣ የድሮ ጌም የሚልከው 15 ኪሎ ኸርዝ።

የምትኖሩበት አገርም ይወስናል። አውሮፓ ያላችሁ የስካርት ቀዳዳ ያለው ቴሌቪዥን ስለምታገኙ አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ የሚሄዱበት ሲግናል) በቀጥታ ይገባል። አሜሪካ ስካርት የለም፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የኮምፖነንት ቀዳዳ ያለውን ፈልጉ፣ ከሌለ ኤስ ቪዲዮ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ በብዛት የምታገኙት ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ኤቪ ቀዳዳ ያለውን ነው፤ በልጅነታችን የቻይናውን ቲቪ ጌም የሰካንበት ያው ቀዳዳ። የእኛ ስርጭት ፓል የሚባለው የቀለም ስልት ስለነበረ የድሮው ቴሌቪዥን የአሜሪካና የጃፓኑን የኤንቲኤስሲ ቀለም ላይለይ ይችላል። ምስሉ በጥቁርና ነጭ ከመጣ ምክንያቱ ይህ እንጂ ብልሽት አይደለም። በኮምፖነንት ወይም በአርጂቢ ሲገናኝ የቀለም ስልቱ ጥያቄ አይነሳም።

ፍላት ስክሪን ለሚመርጥ

ቦታ የሌለው፣ ወይም 30 ኪሎ የሚመዝን ቴሌቪዥን ደረጃ ማውጣት የማይፈልግ ሰው ለምን 1440ፒ ጌሚንግ ሞኒተር እንደምመክረው በቁጥር ላሳይ። የድሮ ጌም 240 መስመር ነው። 1080ን ለ240 ስናካፍል 4.5 ይሆናል፤ ግማሹ ነጥብ የሚገባበት ስለሌለ አንዱ መስመር ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ ይታያል። 1440 ግን ልክ 6 እጥፍ ነው። 4ኬ ላይ ያለው 2160 ልክ 9 እጥፍ ነው፤ ግን ሚስተር 4ኬ አያወጣም። ሞኒተሩ በዚያ ላይ ላጉ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፣ ብዙዎቹም ቫሪያብል ሪፍሬሽ ሬት አላቸው። ዋጋውን ሳስበው ለሚስተር ከዚህ የተሻለ አጋር አላየሁም።

ትልቅ 4ኬ ኦሌድ ቀድሞ ያለው ሰው ጌም ሞዱን አብርቶ ይጫወት፣ ይበቃዋል። የኮንሶልን ምስል ወደ 4ኬ የሚያሳድገው ሬትሮቲንክ 4ኬ የሚባለው መሣሪያ በ2023 መጨረሻ በ750 ዶላር ወጥቷል። የሲአርቲን መስመሮችና የቀለም ፍርግርግ 4ኬ ላይ ሲሠራ በቅርብ ብታዩት መስታወት ያለው ያስመስለዋል። ከኤፍፒጂኤ ይልቅ ዋናዎቹ ኮንሶሎች በእጁ ላሉ ሰው ትርጉም አለው። አንድ ሚስተር ብቻ ላለው ግን በዚያ ገንዘብ ሞኒተርም ሲአርቲም ገዝቶ ይተርፈዋል።

የድሮ ኮንሶልን የኤቪ ገመድ በቀጥታ ፍላት ቴሌቪዥን ላይ መሰካት ከሁሉ የባሰው ምርጫ ነው። ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች የጌሙን ሙሉ የ240 መስመር ምስል (240ፒ) ሁለት ግማሾች ተጣምረው የሚሠሩት ምስል (480አይ) አድርገው ስለሚወስዱት የሌለ ምስል ለማቀናበር ሲለፉ ያዘገዩታል፣ ያደበዝዙታልም።

ስክሪን ልትገዙ ስትሄዱ ሚስተሩን፣ ባለ ገመድ ጆይስቲክና 240ፒ ቴስት ስዊት የሚባለውን ነፃ መፈተሻ ይዛችሁ ሂዱ። ውስጡ ያለው የላግ መፈተሻ ቁልፉን በምልክቱ ልክ አሥር ጊዜ ያህል አስጭኗችሁ በስንት ፍሬም እንደሳታችሁ ይቆጥርላችኋል። ሲአርቲ ከሆነ የፍርግርጉንም ምስል አውጡና አራቱን ማዕዘን ተመልከቱ፤ መስመሮቹ ጠርዝ ላይ ከተጎበጡ ወይም ቀይና ሰማያዊው ከነጩ ተነጥለው ከታዩ ዋጋ አስቀንሱ። ሻጩ ማብራት ካልፈቀደ ሌላ ቤት ሂዱ።