ስለ ማንነት ለመጻፍ፦ ከዕቃ ይነሱ ወይስ ከጥያቄ?

ታዳጊዎች ስለ ራሳቸውና ስለ ባህላቸው እንዲጽፉ ሲታሰብ መምህሩ የሚያመነታው በሁለት መነሻዎች መካከል ነው፦ ከቤት የመጣ አንድ ዕቃ ወይም ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ጥያቄ።

ዝግጅት፦ ለጥያቄ ጠመኔ ይበቃል። ዕቃ ግን ከሁለት ቀን በፊት መነገር አለበት፤ ማምጣት ላልቻለ ፎቶ ወይም ከትውስታ የሳለው ሥዕል ይበቃዋል።

አጻጻፍ፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። «እኔ ማን ነኝ?» የተባለ ተማሪ «በባህሌ እኮራለሁ» ብሎ ይቆማል፤ ጥያቄው ሰፊ ሲሆን መልሱም ጥቅል ይሆናል። የአያቱን የእጅ ሰዓት የያዘ ግን የተሰነጠቀውን መስታወት፣ በክር የተሰፋውን ማሰሪያ ያያል። መጀመሪያ ለ10 ደቂቃ ያየውን ብቻ ይጻፍ። ቀጥሎ ሰዓቱ በአያቱ እጅ ላይ የነበረበትን አንድ ቀን ይምረጥ፤ ቦታውን፣ የተባለውን፣ የተደረገውን ያስፍር። ስሜቱ በመጨረሻ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣ ታሪኩን ይውጠዋል።

ስጋት፦ ዕቃው ድርሰቱን የዕቃ መግለጫ ብቻ አድርጎ ሊያስቀረው ይችላል። «ከዚያ ቀን በኋላ ምን ተለወጠ?» የሚል ጥያቄ ያድነዋል። ከጥያቄ መነሳት ደግሞ ሳይታሰብ የቤተሰብ ምስጢር ሊያስወጣ ይችላል፤ ክፍል ውስጥ ማንበብ በተማሪው ፈቃድ ብቻ ይሁን።

ለማን? ለጀማሪና መጻፍ ለሚፈራ ክፍል ዕቃ ይሻላል። መጻፍ ለለመዱ፣ እንዲሁም ከቤታቸው ተፈናቅለው ዕቃ ላልቀራቸው፣ ጥያቄ ይመረጣል፤ ግን ጠበብ ይበል፦ «ሰው ስምህን ሲያዛባ ታርመዋለህ ወይስ ታልፈዋለህ? ለምን?»