ሞሬን ሌክ በአውቶቡስ፦ ከልጆችና ከእማዬ ጋር

ከካልጋሪ ተነስታችሁ ቤተሰብ ይዛችሁ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሐይቅ፣ ሞሬን ሌክ፣ ልትሄዱ ካሰባችሁ መኪናውን እርሱት። ከ2023 ጀምሮ መንገዱ ለግል መኪና ዝግ ነው። እኛ ብሔራዊ ፓርኮቹን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ በፓርክስ ካናዳ፣ አውቶቡስ ሄድን፤ በጣም ተመችቶኛል። ፓርኪንግ ፍለጋ መዞር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። በዚያው ትኬት ጎረቤቱን ሐይቅ ሌክ ሉዊዝንም ታያላችሁ።

ፈተናው ትኬቱን ማግኘት ነው። ከፊሉ በጸደይ ይሸጣል። የቀረው ከጉዞው 2 ቀን በፊት፣ በአልበርታ (ካልጋሪ) ሰዓት ጠዋት 8፡00 (8 a.m.) ይለቀቃል። ቡና እስኪፈላ አይጠብቃችሁም! ሐይቁ ጋ ኔትወርክ ስለሌለ ትኬቱን ቤት ሳላችሁ ስክሪንሾት አድርጉት።

ውሃውን ስታይ እማዬ «ቀለም ጨምረውበት ነው» ብላ ድርቅ አለች። የበረዶ ግግሩ አለቱን ፈጭቶ የሚያወርደው ደቃቅ ዱቄት ነው እንዲያ ሰማያዊ የሚያስመስለው። ትንሹ ልጄ እጁን ነከረና ጣቶቹ ቀልተው እየጮኸ አወጣ። በጁላይ እኮ ነው!

በእግር የሄድነው ወደ ኮንሶሌሽን ሐይቆች ነው፤ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዳገቱ አይከብድም፤ መጨረሻው ላይ ግን ትላልቅ ድንጋይ ላይ መረማመድ አለ። እማዬ «እኔ እዚሁ ይበቃኛል» ብላ ቆሎዋን ይዛ ተቀመጠች፤ ታላቋ ልጄ አብራት ቀረች። አካባቢው የግሪዝሊ ድብ አገር ስለሆነ አንዳንዴ ቢያንስ 4 ሰው ሆኖ ተጠጋግቶ መሄድ ግዴታ ይሆናል። ሳትወጡ ማስታወቂያውን አንብቡ።

የልጁን ጫማ «ውሃ አያስገባም» ብሎ የሸጠልኝ ሱቅ ግን ጉድ ሠራኝ። ካልሲውን መንገድ ላይ ጨመቅን። ትርፍ ካልሲ ያዙ።