የኤሌክትሪክ ሮድ ሳይክል ከ14 ወር እና ከ4,300 ኪሎ ሜትር በኋላ፦ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ኤሌክትሪክ ሮድ ሳይክሏን፣ ማለትም ለአስፋልት የተሰራችውን ቀጭን ጎማ ፈጣን ሳይክል ከነሞተሯ፣ የወሰድኩት አምና ሚያዝያ ላይ ነው፣ ይኸው 14 ወር ሆናት፣ ቆጣሪው 4,300 ኪሎ ሜትር ይላል። ከዛን ግዜ ጀምሮ ሰው ባገኘኝ ቁጥር ሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ያዋጣል ወይ? አንዱ ለራሱ ነው ሚጠይቀኝ፣ አንዱ ለሚስቱ፣ አንዱ ደግሞ ጡረታ ለወጡ አባቱ፣ እና መልሴ እንደ ጠያቂው ስለሚለያይ አንዴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፈው አልኩ። ብራንዱን አልጠራም፣ የገጠመኝን ብልሽትም ስለምናገር እና በአንዲት ሳይክል ፋብሪካውን ሁሉ መፍረድ ልክ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁ ልንገራችሁ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ከዛ ነው ሚነሳው። ምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ 51 ዓመቴ ነው፣ ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ነው ምሰራው። እሁድ እሁድ አራት ሆነን እንነዳለን፣ ሶስቱም ከኔ ስለሚያንሱ ልጆቹ ነው ምላቸው። መንገዳችን ሁሌ ወደ ታውኑስ ተራሮች ነው፣ በኦበርኡርዘል አድርገን ሆሄማርክ፣ ከዛ ዛንድፕላከን፣ ከዛ ፌልድቤርግ ጫፍ። ፍራንክፈርት ያለ ሮድ ሳይክል ሚነዳ ሰው ይሄን ዳገት ሳያውቅ አይቀርም፣ ጫፉ 880 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሆሄማርክ ከተነሳችሁ ወደ 11 ኪሎ ሜትር 570 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። የዛሬ ሶስት ዓመት የግራ ጉልበቴን ሜኒስከስ፣ መገጣጠሚያው መሃል ያለውን ትራስ መሳይ ነገር፣ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ሐኪሙ ሳይክል ንዳ ግን ጉልበትህን አታስጨንቀው አለኝ። ነዳሁ፣ ግን ልጆቹ ዛንድፕላከን ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመው ይጠብቁኛል፣ ያላባቸው ሰዎች ብርድ ላይ ቆመው ማለት ነው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ እኔ ግን ሳላስበው እሁድ ሲደርስ ስራ አለኝ ማለት ጀመርኩ፣ አንዱን እሁድ ቀረሁ፣ ቀጣዩንም ቀረሁ፣ ክረምቱን በሙሉ ሳልወጣ አለፈ። እና ከነሱ ጋር ምገናኘው በዛች እሁድ ብቻ ነበር።

ወዲያው ግን ኤሌክትሪክ ውስጥ አልገባሁም፣ እናንተም አትግቡ። መጀመሪያ ማርሽ ለዳገት በሚቀል ቀየርኩ፣ ፊት 34 ጥርስ ኋላ 34 ጥርስ፣ ከነእጅ ዋጋው 200 ዩሮ አልሞላም። ጉልበቴን በእውነት ያሳረፈው እሱ ነው። ችግራችሁ የጉልበት ህመም ብቻ ከሆነ ምናልባት እዛው ላይ ያበቃል፣ ብዙ ሺህ ዩሮ ማውጣት አያስፈልጋችሁም። የኔ ግን ፍጥነቱ ነበር፣ ማርሹ ቢቀልም ዳገቱን በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነበር ምወጣው፣ እነሱ 14 ይወጡታል።

አሁን ስለ ሳይክሏ። መሪዋ እንደማንኛውም ሮድ ሳይክል ወደታች የታጠፈ ነው፣ ከሩቅ ላያት ሰው ኤሌክትሪክ መሆኗም አያስታውቅም። ሞተሩ የኋላ ጎማ መሃል ላይ ነው፣ 250 ዋት፣ የማዞር ኃይሉ 40 ኒውተን ሜትር። ባትሪው ሚይዘው ኃይል ወደ 250 ዋት ሰዓት ነው፣ ፍሬሙ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ነቅላችሁ ማውጣት አትችሉም። ክብደቷ 13.4 ኪሎ፣ የድሮዋ 8.9 ናት።

25 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ይሄን ቁጥር ሳትረዱ አንድ ሳንቲም አታውጡ። አውሮፓ ህብረት ውስጥ እንደ ተራ ሳይክል ሚቆጠረው ሞተሩ እስከ 250 ዋት ሆኖ፣ ፔዳል ስትረግጡ ብቻ ሚያግዝ፣ 25 ላይ ስትደርሱ ደግሞ እርዳታውን ሚያቆም ነው። እስከ 45 ሚያግዝ አለ፣ እሱ ግን ታርጋ፣ ኢንሹራንስ፣ መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ በአብዛኛው የሳይክል መንገድ ላይም መግባት አይፈቀድለትም። እና አስቡት፣ ሮድ ሳይክል ላይ ያለ ሰው ሜዳ ላይ ስንት ነው ሚሄደው? እኔ ብቻዬን 27፣ 28 እሄዳለሁ፣ ከልጆቹ ኋላ ተጠግቼ ንፋሱን ሲከልሉልኝ 31፣ 32። ስለዚ ሜዳ ላይ ሞተሩ ዝም ብሏል፣ እኔ ደግሞ ከበፊቱ አራት ኪሎ ተኩል ሚከብድ ሳይክል በገዛ እግሬ እየነዳሁ ነው። ከተማ ውስጥ ሚነዳውን ሰፊ ኮርቻ ያለውን ኤሌክትሪክ ሳይክል ሞክራችሁ ወዳችሁት ከሆነ ሮዱም እንደዛ ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ በዛኛው 20 ስለምትሄዱ ሞተሩ ሁሌ አብሯችሁ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ሂሳቡ ይለያል፣ አብዛኛው ስቴት ላይ ተራው ክፍል እስከ 32 ኪሎ ሜትር ያግዛል፣ ክፍል 3 ሚባለው እስከ 45፣ እዛ ሜዳውም ላይ ጥቅም አለው። እዚህ ገደቡን በሶፍትዌር ሚያስነሱ ሰዎች አሉ፣ አታድርጉት፣ ሰው ብትገጩ ኢንሹራንሱ አይሸፍናችሁም፣ ሕጉም ያኔ እንደ ሳይክል አያያችሁም።

ዳገቱ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። መጀመሪያውን እሁድ አልረሳውም፣ ከሆሄማርክ ጫካው ውስጥ እንደገባን አንደኛውን የእርዳታ ደረጃ አበራሁት፣ ትንሹን ማለት ነው፣ እና ሳላስተውል ከልጆቹ ጎን ሆኜ እያወራሁ ነው። እያወራሁ! ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ቢሆን እዛ ዳገት ላይ ለማውራት ትንፋሽ አልነበረኝም። እኔ የራሴን 150 ዋት ያህል እረግጣለሁ፣ ሞተሩ 100 ገደማ ይጨምርልኛል፣ ሁለታችን ተደምረን 14፣ 15 እንወጣለን። በፊት ከአንድ ሰዓት በላይ ሚወስድብኝ አሁን 45 ደቂቃ አካባቢ ነው። ላብ የለም ወይ ላላችሁኝ፣ አለ፣ ላቤ ጠብ እያለ ነው ምደርሰው፣ ምክንያቱም ካልረገጥኩ ሞተሩም አይሰራም።

ባትሪው ይበቃል ወይ ለሚለው ሂሳቡን ላሳያችሁ። እኔ፣ ሳይክሏ፣ ልብሱና ውሃው ተደምሮ 95 ኪሎ እንሆናለን። ይሄን ክብደት 570 ሜትር ሽቅብ ማንሳት ብቻ ወደ 150 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ግማሹን ሞተሩ ቢችልልኝ 75 ነው፣ በሙቀት ሚባክነው ሲጨመር 100 ገደማ። እና በተግባርም እንደዛው ነው፣ ጫፍ ስንደርስ 60 በመቶ ያሳየኛል። ስለዚ ፌልድቤርግን ሁለቴ ያስወጣኛል፣ ሶስተኛው ላይ መሃል መንገድ ያልቃል። ሻጮች ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል ሲሏችሁ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ስንት ሜትር ሽቅብ እንደሚያወጣችሁ አስሉ።

ሞተር ካለው ማጭበርበር ነው ሚሉኝ አሉ። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እንደዛ ተብሎ አፍሮ ሳይክሉን ጋራዥ ውስጥ የዘጋበት ሰው አውቃለሁ። ውድድር ላይ አይደለንም፣ ማንንም አልቀደምኩም፣ ከጓደኞቼ ጋር እኩል ደረስኩ እንጂ።

አሁን መጥፎውን። ከሁሉ በላይ ያማረረኝ ደረጃው ነው። ቤቴ ሶስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ምድር ቤቱ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሶኬት የለም፣ ባትሪው አይወጣም፣ ስለዚ ቻርጅ ማድረግ በፈለኩ ቁጥር 13.4 ኪሎ በትከሻዬ ተሸክሜ መውጣት ነው፣ በዛ ጉልበት። ፎቅ ላይ ምትኖሩ ከሆነ ባትሪው ሚነቀለውን ግዙ፣ ይሄን ከመግዛቴ በፊት ሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው፣ ጥቅምት ላይ ዝናብ መቶን ከተመለስን በኋላ በቀጣዩ እሁድ ዳገቱ ስር ሞተሩ ጭራሽ እምቢ አለ። የገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት፣ ምንም የለውም ብለው መለሱልኝ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ጠፋ። ሁለተኛ ስወስደው ነው የሞተሩ ገመድ መሰኪያ ውስጥ ውሃ እንደገባ ያዩት። ዋራንቲ ነበረው፣ አልከፈልኩም፣ ግን አዲሱ ገመድ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ጠበኩ። ይሄን ሞተር ሰፈር ያለ ሳይክል ሰሪ ሁሉ አይነካውም፣ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ ስለዚ ኦንላይን ረከስ ብሎ ያገኛችሁትን ከማዘዛችሁ በፊት ቅርባችሁ ማን እንደሚሰራው አጣሩ። አሁን መሰኪያውን በላስቲክ ቴፕ ጠቅልዬዋለሁ፣ ከዛ ወዲህ ደህና ነው።

የኋላ ጎማ ከተነፈሰ ደግሞ ገመዱን መንቀል አለባችሁ፣ በቁልፍ መፍታት አለባችሁ፣ መጀመሪያ ቀን መንገድ ዳር 40 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። በኋላ ካላማዳሪያ የሌለውን ፈሳሽ ሚጨመርበትን ጎማ አስገጠምኩ፣ እስካሁን አልተነፈሰም። ብርድ ላይ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ከዜሮ በታች ሲሆን ቻርጅ አታድርጉት፣ ክረምቱን ሳትነዱ ከቆያችሁ ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። ካቴናውን 3,500 ላይ ነው የቀየርኩት፣ ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ ስለሚያዞር ካቴናው ላይ ተጨማሪ ጫና የለም።

ዋጋዋ 3,900 ዩሮ ነበር፣ እኔ በመስሪያ ቤት በኩል በ36 ወር ሊዝ፣ ማለትም በየወሩ በሚከፈል ኪራይ፣ ነው የወሰድኳት፣ ከግብር በፊት ካለው ደሞዝ ስለሚቆረጥ ይረክሳል፣ ጀርመን ያላችሁ ቀጣሪያችሁን ጠይቁ። ኤሌክትሪኩ ምንም አይደለም፣ ሙሉ ቻርጅ 10 ሳንቲም አካባቢ ነው። ባትሪ ሲሞት ግን ሌላ ነው፣ የጠየኩበት ቦታ 480 ዩሮ ብለውኛል፣ እሱን ከዋጋው ጋር ደምራችሁ አስቡ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ስትመጣ አምጣልኝ እያለ ነው፣ እና ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ልናገረው። መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ችግር የለውም፣ ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱ መፍቀድ አለበት፣ ከ160 በላይ በሻንጣም በእጅም አይገባም። የኔ 250 ነው፣ ያውም ፍሬም ውስጥ። ስራዬ ስለሆነ ነው ምነግራችሁ፣ ቼክ ኢን ላይ ደርሳችሁ እንዳታለቅሱ። በካርጎ ሚሄደው እንደ አደገኛ ዕቃ ወረቀቱ ተሟልቶ ነው፣ ወጪው ቀላል አይደለም። ቻርጀሩ አገር ቤት ያለው 220 ላይ ይሰራል፣ ዳገቱም አዲስ አበባ ላይ ሞልቷል፣ እንጦጦን ያየ ያውቃል፣ ግን ያ ገመድ ቢበላሽበት ማን ይሰራለታል? ስለዚ ለሱ ተራ ሳይክል ከቀላል ማርሽ ጋር ነው ምወስድለት።

ሌላ ዓይነት እያያችሁ ከሆነ፣ ሞተሩ ፔዳሉ ጋር ያለው ለቁም ዳገት ይሻላል፣ ፋዙዋ ራይድ 60 ሚባለው 60 ኒውተን ሜትር እና 430 ዋት ሰዓት አለው፣ ቲኪው ኤችፒአር 50 ሚባለው ደግሞ 50 ኒውተን ሜትር እና 360 ዋት ሰዓት። የኔ አይነቱ ጎማ ውስጥ ያለው 5፣ 6 በመቶ ዳገት ላይ ደስ ይላል፣ አንዴ ግን 15 በመቶ ሚሆን አጭር ዳገት ላይ ፍጥነቴ ሲወርድ አቅም አጥሮት አይቻለሁ። ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ሞክራችሁ አትወስኑ፣ ለቅዳሜና እሁድ ሚያከራይ ፈልጋችሁ እናንተ ሁሌ ምትወጡት ዳገት ላይ ውሰዱት።

እኔ ሊዙ ሲያልቅ ቀሪውን ከፍዬ ላስቀራት ነው፣ ገንዘቡንም ለይቼ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። ረቡዕ ማታ ከስራ በኋላ በኒዳ ወንዝ ዳር ብቻዬን ስወጣ ግን ሁሉም ሜዳ ስለሆነ አሁንም የድሮዋን ነው ይዤ ምወጣው።